ምክንያቱ የማይነገር ለቅሶ

«ምን ሆኖ ነው?»

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። የሚጠይቀውም የሟቹን ቤተሰብ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መልሱ «ስኳር ነበረበት» ወይም «የመኪና አደጋ ነው» ከሆነ ከንፈሩን ይመጥና ዝርዝሩን ይሰማል። መልሱ «ድንገት ነው» ብቻ ከሆነና መላሹ ዓይኑን ወደ መሬት ከጣለ ግን፣ ለቅሶ ቤት የለመደ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጨምርም። «ድንገት» በቁሙ «ሳይታሰብ» ማለት ነው። በለቅሶ ቤት ግን አንዳንድ ጊዜ «አትጠይቀኝ» ማለት ይሆናል።

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ተወልዳችሁ ወይም በልጅነታችሁ መጥታችሁ አማርኛ በመማር ላይ ላላችሁ ነው። ስለ ሞት የሚወራበትን አማርኛ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራችሁም። ከሞትም ደግሞ ጨርሶ የማይወራ አንድ ዓይነት አለ፤ ሰው በራሱ እጅ ሕይወቱ ሲያልፍ።

ወደ እኛ ቤት የመጣው አምና ነው። ሟቹ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ 24 ዓመቱ። ያደገው ዋይትሆል ነው። ለማታውቋት፣ ዋይትሆል ዙሪያዋን በኮሎምበስ የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከኤርፖርቱ ብዙም አትርቅም። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ስለሚኖርባት ሱፐርማርኬት ውስጥ «እንዴት ነሽ» የሚል ድምፅ መስማት ብርቅ አይደለም። እኔ ከአዲስ አበባ ለማስተርስ ስመጣ ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነበር። እሱ ያኔ ገና ልጅ ነው። እኔ ሒሳብ አስጠናዋለሁ፤ እሱ ደግሞ እንግሊዝኛዬን ያርማል። «ሺፕ» እና «ሺፕ» እያለ፣ በእኔ ጆሮ አንድ የሆኑትን የመርከብንና የበግን ስም ለመለየት ስንት ምሽት ደክሟል! በኋላ ተመርቄ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ ስቀጠርም እዚያው ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ የእሁድ ምሳዬ ግን እነሱ ቤት ነው።

እንዴት እንደሞተ አልጽፍም። ለማንም አይጠቅምም። ስሙንም አልጽፍም፤ ስሙ የእናቱና የአባቱ ነው።

በዚያች ሌሊት ቤተሰቡ አንድ ነገር ወሰነ። «ልቡ ቆሞ ነው እንበል።» አልፈርድባቸውም። ሀገር ቤት አያታችን አሉ፤ ይህን ሰምተው እንዴት ይሆናሉ? ቤተ ክርስቲያን ምን ይላል? ጎረቤት ምን ያወራል? ሌሊት በ9 ሰዓት፣ ፖሊስ ገና ከበር ሳይወጣ፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው የለም።

የሟቹ እህት 19 ዓመቷ ነው። ሦስቱን ቀን ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ እንግዳ ተቀበለች። አንዷ «በልጅነቱ ልቡን ያመው ነበር?» ትላታለች። ሌላዋ «ሐኪም ምን አለ?» ትላታለች። እሷም መልስ መፍጠር ነበረባት። በአራተኛው ቀን ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦ «ለእሱ እያለቀስኩ ስለ እሱ እዋሻለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አልችልም።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ብዙ ሰውም አነጋግሬያለሁ። የእሷን ያህል ነገሩን አሳጥሮ የነገረኝ የለም።

ምክንያቱም የእኛ ለቅሶ ትልቅ ነገር ነው። በሀገር ቤት ወግ መርዶ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ማለዳ ነው። መጀመሪያ ዘመድና ጎረቤት በዝምታ ይሰበሰባል፤ የሚናገር ሽማግሌ ይመረጣል፤ ከዚያ በር ይንኳኳል። ሐሳቡ ማንም መርዶን ብቻውን እንዳይሰማ ነው። እድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ ይመጣል። ኀዘንተኛ ምግብ አያበስልም፤ ጎረቤት ያበስላል። ንፍሮ ይቀርባል። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ከፈለገ ምንም ሳይናገር ይወጣል። ቀኑም የተቆጠረ ነው፤ ሠልስት፣ ሰባት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ኮሎምበስ ውስጥ ድንኳኑ የአዳራሽ ኪራይ ሆኗል፤ ድስቱም የአልሙኒየም ትሪ ሆኗል። መሠረቱ ግን አልተለወጠም። አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦቼ ስለዚህ ስነግራቸው ይቀናሉ። እነሱ አበባና ካርድ ይላላካሉ፤ ከሳምንት በኋላ ሁሉም ዝም ይላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን እውነቱ ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ነው። 200 ሰው መጥቶ ያጽናናችሁ እንበል። የሚያጽናናችሁ ላልሆነው ነገር ከሆነ፣ እናንተ ከ200ው ሰው መካከል ብቻችሁን ናችሁ። ሰው ስለ ልብ ሕመም ያወራል፤ እናንተ ስለ ሌላ ነገር ታስባላችሁ።

ጥፋት የሚባለው ቃል

አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ አያግዘንም። የተለመደው አነጋገር «ራሱን አጠፋ» ነው። ቃሉን እስቲ ፍቱት። ጠፋ ማለት ተሰወረ ማለት ነው፤ መብራት ጠፋ እንላለን፤ መንገድ ጠፋኝ እንላለን። አጠፋ ግን ሌላ ትርጉምም አለው። ልጅ ዕቃ ሰብሮ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ በደልኩ ማለቱ ነው። ጥፋት በደል ነው፤ ጥፋተኛ በፍርድ ቤት የተፈረደበት ነው። ስለዚህ «ራሱን አጠፋ» ስንል፣ ሳናውቀው አንድ ትንሽ ፍርድ አብረን እንሰጣለን። እንግሊዝኛውም ያው ነበር። ስለ ወንጀል የሚነገረውን «ኮሚት» የሚለውን ግሥ ስለዚህ ሞትም ይጠቀሙበት ነበር። አሁን ብዙ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች ትተውታል።

የሚገርመው፣ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እንኳ ይህን ያህል አይከስም። የ1996ቱ ሕግ የሚቀጣው ሌላውን ሰው ለዚህ ሞት የሚገፋፋውን ወይም የሚረዳውን ነው። በራሱ ላይ የሞከረውን ሰው አይቀጣም። ከሕጉ ይልቅ ምላሳችን ጨካኝ ሆኗል።

እኛ ቤት አሁን «በራሱ እጅ ሕይወቱ አለፈ» እንላለን። መጀመሪያ ያለችው እህቱ ናት፤ መዝገበ ቃላት አይታ ሳይሆን ሌላ ቃል ስላልነበራት። አንዳንድ ጊዜ አማርኛ በደንብ አለማወቅም ይጠቅማል።

አንድ ዝናው የታወቀ ሞት፣ አንድ የተረሳ ልጅ

በታሪካችን በራሳቸው እጅ ስለሞቱ ሰው የማናወራ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። በ1860 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1868) እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው በራሳቸው እጅ ሞቱ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በግጥም፣ በቴአትር፣ በሥዕልና በዘፈን ሰምተነዋል። «ጥፋተኛ» ያላቸው የለም፤ እንዲያውም የሚደነቅ ነገር አድርገነዋል። ያም አይመቸኝም። ምክንያቱም ሞቱን እያደነቅን በኋላ ስለቀረው ሰው አንጠይቅም።

የቀረው የ7 ዓመት ልጅ ነበር፤ ልዑል ዓለማየሁ። አባቱን በሚያዝያ አጣ። ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ጉዞ ጀመሩ። እናቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ መርከብ ተሳፍሮ እንግሊዝ ገባ። በዚያ ሁሉ ባዕድ መካከል በቋንቋው የሚያናግረው አንድ ሰው ነበር፤ አማርኛ የሚችለው ካፒቴን ስፒዲ። ዓለማየሁ ከስፒዲ መለየት አይፈልግም ነበር። ኋላ ግን በባለሥልጣናት ውሳኔ ከእሱ ተለይቶ በትምህርት ቤት እንዲያድግ ተደረገ። ራግቢ ከሚባለው ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ሳንድኸርስት ከሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሕመም ሞተ። ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ታሪክ ሳወራላት ስለ ቴዎድሮስ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ «ለልጁ ማን አለቀሰለት? ማንስ አብሮት ተቀመጠ?» ብላ ነው። ሠልስቱን አልቆጠሩለትም፤ ዐርባውን የሚያስታውስለት ዘመድ አጠገቡ አልነበረም። የሚያናግረው ሰው ሲወሰድበት ኀዘኑን የሚናገርበት ቋንቋም አብሮ ተወሰደ። ወላጆቻችሁ በአማርኛ ሲያለቅሱ እናንተ በእንግሊዝኛ የምታስቡ ከሆነ ይህ ነገር ከ150 ዓመት በፊት የሆነ ብቻ አይመስላችሁም።

ካህኑ ምን አሉ

አክስቴን እንቅልፍ የነሳት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ፍትሐት ይደረግለታል ወይ?» ፍትሐት ለሟች የሚደረግ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነው። በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው መልስ «አይደረግለትም» የሚል ነው። ለዚህ ነው ብዙ ቤተሰብ ካህኑን ሳይቀር የሚዋሸው።

እሷ ግን በሁለተኛው ቀን ለነፍስ አባቷ እውነቱን ነገረቻቸው። እሳቸውም ወዲያው አዎ ወይም አይ አላሉም። ቁጭ ብለው ጠየቁ። ታሞ ነበር ወይ? እንቅልፍ ይተኛ ነበር? ከሰው ይርቅ ነበር? ሐኪም አይቶት ያውቃል? ልጁ ለሁለት ዓመት ያህል በድብርት ሕመም መድኃኒት ይወስድ ነበር። ይህን ሲሰሙ «የታመመ ልጅ ነው» አሉና ፍትሐቱን አደረጉ።

ይህ የእሳቸው ርኅራኄ ብቻ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ ነገሩ ጥንታዊ መሆኑን አገኘሁ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጢሞቴዎስ ይህንኑ ተጠይቀው ነበር። መልሳቸው ሰውዬው በአእምሮው ያልነበረ ከሆነ ይጸለይለታል፤ ስለዚህ ካህኑ በጥንቃቄ መርምሮ ይወቅ የሚል ነው። ከ1,600 ዓመት በፊት የተሰጠው መልስ መመርመርን ያዝዛል። መርምሮ ለማወቅ ደግሞ የሚናገር ቤተሰብ ያስፈልጋል። በእስልምናም አብዛኞቹ ሊቃውንት የጀናዛ ሶላት እንደሚሰገድለት ይናገራሉ። የእናንተ ካህን፣ ኢማም ወይም ፓስተር ምን እንደሚሉ እኔ አላውቅም። ሳይጠይቁ «አይሆንም» ብሎ መቁረጥ ግን ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሞት ነው።

«ለምን?»

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። በሥራዬ አንድ ሲስተም ሲወድቅ የመጀመሪያው ተግባር ሎጉን ማንበብ ነው። ሎግ ማለት ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ወደ ኋላ እየሄድን እናነባለን፤ አንዲት መስመር እናገኛለን፤ «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የተበላሸው» እንላለን። አስተካክለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

የአክስቴ ልጅ ካረፈ በኋላ ለወራት መልእክቶቹን እንደዚያ አነበብኩ። የሦስት ዓመት መልእክት። ቀልዶች፣ የኳስ ውጤት፣ «እሁድ ትመጣለህ?»፣ «የመኪናዬ ጎማ ተነፈሰ»። አንዲቷን መስመር ፈለግኩ። የለችም። ያለችም የመሰለኝ ጊዜ ነበር፤ «ደክሞኛል» የሚል መልእክት በመጋቢት ወር። ግን «ደክሞኛል» የማይል ሰው ማን ነው? እኔ ራሴ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ጽፌለታለሁ።

የሕክምና ባለሙያዎች የሚሉት ግልጽ ነው፤ ይህ ሞት በአንድ ምክንያት ብቻ የሚመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሕመም፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነት፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ መጠጥ፣ ሌላም ሌላም ይደራረባል። የሎጉ ንባብ ሌላም ችግር አለው። እኔ የማነበው መጨረሻውን አውቄ ነው። መጨረሻውን ስታውቁ እያንዳንዱ ቃል ምልክት ይመስላል፤ በጊዜው ግን ቃል ብቻ ነበር። ይህን ለእህቱ ስነግራት «ታዲያ ማንበብ ተውክ?» አለችኝ። አልተውኩም። አሁን የማነበው ግን ቀልዶቹን ነው።

በዚህ ሞት የሚያዝኑ ሰዎች ከሌላው ኀዘን የተለየ የሚሰማቸው ነገር አለ። ቁጣ አለ፤ «እንዴት ትቶን ይሄዳል?»። ጸጸት አለ። ኀፍረት አለ። በረጅም ሕመም ላይ አብሮ የቆየ ቤተሰብ ደግሞ ለቅጽበት «ተገላገለ» የሚል ስሜት ሊሰማው ይችላል፤ ከዚያ በዚያ ስሜት ራሱን ይረግማል። አባቱ አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ የልጁን ብስክሌት በእግራቸው መትተው ወዲያው አቅፈውት ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሁለቱም ትክክል ነው።

የወንድም እጅ ፍለጋ

በአሜሪካ በ2022ም በ2023ም በእያንዳንዱ ዓመት ከ49,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ ሞቷል። በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ከ700,000 ይበልጣል። በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ጁሊ ሴረል ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ጥናት አንድ ሰው በዚህ ሲሞት ነገሩ 135 ያህል ሰው ጋ ይደርሳል። ዘመድ ብቻ ሳይሆን የክፍል ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ይቆጠራል። የሐበሻ ቤተሰብን ባያስቡ ነው እንጂ በእኛ ቁጥሩ በሠልስቱ ብቻ ያልፋል።

ኤድዊን ሽናይድማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። በ1958 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ሞት የሚከላከል ማዕከል ከፈተ። ከሞቱ በኋላ ለቀሩት የሚደረገውን እርዳታ «ፖስትቬንሽን» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ቃሉ አስቸጋሪ ይምሰል እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ለቅሶ መድረስ ነው።

የሚገርመው፣ በሉዊዚያና ግዛት በባተን ሩዥ ከተማ አንድ ቡድን ይህን ቃል በቃል አደረገው። ቡድኑ ሎስ ይባላል። ቀድሞ የነበረው አሠራር ቢሮ ከፍቶ ኀዘንተኛው እስኪመጣ መጠበቅ ነበር። ኀዘንተኛው ግን አይመጣም፤ ከመጣም ከዓመታት በኋላ ነው። የሎስ ቡድን ግን ከፖሊሱና ከኮሮነሩ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኮሮነር ማለት የአሟሟቱን ምክንያት የሚመረምረው ባለሥልጣን ነው። ከቡድኑ አባላት መካከል ራሳቸው እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። «እኔም ወንድሜን እንዲህ አጥቻለሁ» ብለው አጠገባችሁ ይቀመጣሉ። አሠራሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ፤ ዋይትሆልና ኮሎምበስ ባሉበት በፍራንክሊን ካውንቲም እንዲህ ያለ ቡድን አለ። በር አንኳኩቶ የሚገባ፣ ብቻችሁን እንዳትሰሙት የሚጠነቀቅ ቡድን። የመርዶ ሽማግሌ ማለት ነው።

እህቱ የኀዘንተኞች የድጋፍ ስብሰባ መሄድ የጀመረችው በሦስተኛው ወር ነው። የመጀመሪያው ቀን እኔ ነኝ ያደረስኳት፤ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ስምና ያጣውን ሰው ስም ይናገራል፤ መናገር ካልፈለገ ያልፋል። ምክር የሚሰጥ የለም። ስትወጣ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳት።

«ለቅሶ ነው» አለችኝ። «ንፍሮ ብቻ የለውም።»

በሚቀጥለው ሳምንት አክስቴ ንፍሮ ቀቅላ ላከች። ፈረንጆቹ ወደዱት ተብሏል፤ ጨው ጨምሩበት ያሉም ነበሩ።

ከምስጋና ቀን በፊት ያለው ቅዳሜ በየዓመቱ የእነዚህ ኀዘንተኞች ዓለም አቀፍ ቀን ነው። ቀኑ በአሜሪካ የተሰየመው በ1999 የምክር ቤት አባሉ ሃሪ ሪድ ባቀረቡት ሐሳብ ነው። ሪድ አባታቸውን በ1972 እንዲህ አጥተው ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ስለዚህ አያወሩም ነበር። ቀኑን የሚያዘጋጀው ዋናው ድርጅት በ1987 የተመሠረተው የአሜሪካ ራስን የማጥፋት መከላከያ ፋውንዴሽን ነው። በዚያ ቀን በብዙ ከተሞች ስብሰባ አለ።

ጥያቄውን በአማርኛ

አሁን የምጽፈውን በጥሞና አንብቡልኝ። እንዲህ ያለ ኀዘን የደረሰበት ሰው ራሱ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ከኀዘንተኛ ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ጋር ስትሆኑ መጠየቅ አትፍሩ። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፤ ጥናቶች ይህን በተደጋጋሚ አሳይተዋል። በአማርኛ እንዲህ ይባላል፦ «መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» «ራስህን ስለመግደል አስበህ ታውቃለህ?» ለትልቅ ሰው ደግሞ «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» ቃሉ ይከብዳል። በለስላሳ ድምፅና ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ መልሱን ጠብቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አትተዉት።

988 በመላው አሜሪካ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የሚሠራ ነፃ የስልክ ቁጥር ነው፤ ሌሊትም ቀንም ይመልሳል። ለሚጨነቀው ብቻ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው ለሚጨነቅም፣ ኀዘን ለከበደውም ነው። እናታችሁ በእንግሊዝኛ መናገር ከከበዳቸው በስልኩ አስተርጓሚ ይቀርባል፤ አገልግሎቱ ከ240 በላይ ቋንቋዎችን ይሸፍናል። «አማርኛ» የሚለውን የቋንቋውን ስም በእንግሊዝኛ መናገር ይበቃል፤ ከዚያ መስመሩ ላይ መጠበቅ ነው። በጽሑፍ መልእክት የሚሰጠው ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ኮሎምበስ ያለው የኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታልም በ2020 ለልጆችና ለወጣቶች የአእምሮ ጤና ብቻ የሚሆን ትልቅ ሕንፃ ከፍቷል። አዲስ አበባ ሳለሁ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ስድብ ነበር፤ «አማኑኤል ግባ» ይባባል ነበር። እዚህ ያን ስም ይዘን ባንመጣ ጥሩ ነው።

ታናናሽ ልጆችስ? አክስቴ ቤት የ8 ዓመት የመጨረሻ ልጅ አለ። ለእሱም መጀመሪያ «ልቡ ነው» ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በሮጠ ቁጥር ደረቱን ይይዛል፤ ልቤ ሊቆም ነው ብሎ። በፖርትላንድ ከተማ ከ1982 ጀምሮ ከኀዘንተኛ ልጆች ጋር የሚሠራው ዱጊ ሴንተር የሚመክረው ለልጅ በዕድሜው ልክ፣ በአጭር ቃል፣ እውነቱን መንገር ነው። እናቱ ነገረችው፤ «ወንድምህ አእምሮውን በጣም ታሞ ነበር። ሕመሙ ራሱን እንዲጎዳ አደረገው። አንተ ያደረግከው ነገር የለም።» ልጁ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና «ልቤ ደህና ነው ማለት ነው?» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሮጠ።

ለቅሶ ስትሄዱ አማርኛችሁ ትንሽ ነው ብላችሁ አትቅሩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ለሴት ነው፤ «ያጽናህ» ለወንድ፣ «ያጽናችሁ» ለብዙዎች፣ «ያጽናዎት» ለትልቅ ሰው። ሙስሊም ቤት «አላህ ያጽናችሁ» ማለት ነው። ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም። «ምን ጎድሎበት ነው?» እና «አላያችሁትም ነበር?» የሚባሉትን ሁለት ጥያቄዎች ግን አትጠይቁ፤ ቤተሰቡ ራሱን በየሌሊቱ ይጠይቃቸዋል። ይልቅ ስሙን ጥሩት። ስለ እሱ የምታውቁት ነገር ካለ ንገሯቸው። ደግሞ በ41ኛው ቀን ደውሉ፤ ያን ቀን ማንም አይደውልም።

አያታችን እስካሁን አልተነገራቸውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ክርክር አለ፤ እኔ ይነገራቸው ባይ ነኝ፤ አክስቴ ደግሞ በስልክ መርዶ አይነገርም ትላለች። በዚህስ እውነት አላት።

አክስቴ ለሰፈሯ ሴቶች እውነቱን የተናገረችው በሰማንያው ሰሞን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቡና ይጠጣሉ። ስትነግራቸው ማንም አልጮኸም። አንደኛዋ ከሁሉም ትልቅ የሆኑት እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የእኔም ወንድም እንዲህ ነው» አሉ። «ጎንደር። 30 ዓመት አልፎታል። ባሌ እንኳ አያውቅም።» አክስቴ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወደ እሳቸው ተጠጋች። «ስሙ ማን ነበር?» አለቻቸው። ነገሯት። ጀበናው ሁለት ጊዜ ተመልሶ ፈላ።